በኮምፒውተር ውስጥ ያልተቀበረው ሰውዬ

መምህሩ ዓይኑ መድከም ሲጀምር መጀመሪያ የጠፋበት ሐይቁ ነው። ቤቱ አርባ ምንጭ ሴጫ ሰፈር ነው፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ። በረንዳው ላይ ቁጭ ካልክ አባያ ከነቀይ ውሃው ከታች ተዘርግቶ ይታይሃል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እዚያው ተቀምጠን ማንጎ ስንበላ፣ «ዛሬ ሐይቁ እንዴት ያበራል» አለኝ። ፊቱን ተከትዬ አየሁ። የሚያየው የታችኛውን ጎረቤት አዲስ ቆርቆሮ ነው። ሐይቁ በሌላ በኩል ነው።

«ያ ቆርቆሮ ነው» አልኩት።

ሌላ ሰው ቢሆን አዝኖለት ዝም ይል ይሆናል። እኔ አልችልበትም። እሱም አልከፋውም። «ቆርቆሮም ያበራል» አለና ማንጎውን መምጠጥ ቀጠለ።

እኔ የጨንቻ ሰው ነኝ። ጉልበት በነበረኝ ጊዜ ሸማኔ ነበርኩ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ ወደ አርባ ምንጭ ወርጄ የሰፈሩ እድር ጥሩምባ ነፊ ሆንኩ። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ እነሳለሁ፣ በየመንደሩ እየዞርኩ እነፋለሁ፣ እገሌ አርፏል፣ ቀብሩ በዚህ ሰዓት ነው እላለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። የሟቹ ስም አጭር ከሆነ ራሴ አነባለሁ፤ ረዥም ከሆነ ሰው ያነብልኝና በቃሌ እይዘዋለሁ። መምህሩ ደግሞ የሰሜን ሰው ነው። በወጣትነቱ ጂኦግራፊ ሊያስተምር ተመድቦ መጣ፤ ጥቂት አገልግሎ ወደ አገሩ ሊመለስ ነበር፤ ጡረታው እዚሁ ወጣለት። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ያኔ ለሚስቱ የነፋሁት እኔ ነኝ። የተወዳጀነው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ሳልፍ ይጠራኛል፣ ቁጭ እላለሁ፣ እንከራከራለን።

አንድ ሴት ልጅ አለችው። አዲስ አበባ ባንክ ቤት ትሠራለች። በደወለች ቁጥር ወሬዋ አንድ ነው፤ «አባዬ፣ በዚያ ዓይንህ ብቻህን እንዴት ትኖራለህ? ና እኔ ጋ።» እሱ ደግሞ አንድ መልስ አለው፤ «ይቺን ጨዋታ ልጨርስና እመጣለሁ።»

ጨዋታው ይሄ ነው። ልጅቱ ተማሪ ሆና ትጠቀምበት የነበረውን ላፕቶፕ፣ ሬዲዮ ስማበት፣ ፎቶ እይበት ብላ ትታለት ሄዳ ነበር። ጊዜው ከሚሌኒየሙ በኋላ ነው፣ በየሰፈሩ ኮብልስቶን የሚነጠፍበት ወቅት። መምህሩ ከፎቶው ይልቅ ውስጡ ተረስቶ የቀረ አንድ ጨዋታ አገኘና እሱን ያዘ። ብቻውን ጀምሮት ነበር። ኋላ ዓይኑ ሲከለክለው እኔን ጠራኝ። ልጅቱም መጀመሪያ የቀለደ መስሏት ሳቀች፤ ሲደጋግመው ግን «እሺ፣ ጨርስና ና፣ ቃልህን ይዣለሁ» አለችው።

ስለዚህ ነገሩ ከመነሻው ግልጽ ነው። ጨዋታው ካለቀ መምህሩ ይሄዳል። እኔ ደግሞ እንዲሄድ አልፈልግም። ይሄን ደብቄ አላውቅም፤ ለራሱም ነግሬዋለሁ።

ጨዋታ ሲለኝ ኳስ ወይ መኪና መስሎኝ ነበር። አይደለም። ኮት ለብሶ ባርኔጣ የደፋ አንድ ሰውዬ ነው። ጀልባ አምጥታ ሐይቅ ዳር ትጥለዋለች። መንደሩ ጨለማ ነው፣ ዝናቡ አያባራም። ማውሱን ይዘህ የሆነ ቦታ ጠቅ ስታደርግ ሰውዬው ወደዚያ ይሄዳል፤ እቃ ላይ ጠቅ ስታደርግ ያነሳል፤ ሰው ላይ ጠቅ ስታደርግ ያናግራል። ሥዕሉ በካሬ በካሬ የተሠራ ነው። ቀርበህ ስታየው የካሬ ክምር ነው፣ ራቅ ስትል ሰው ይሆናል። እኔን አልገረመኝም። ዕድሜዬን ጥለት ስሠራ ነው የኖርኩት፤ ጥለትም አፍንጫህን ካስጠጋህበት ክር ብቻ ነው። መምህሩ፣ ድሮ ኮምፒውተር ደካማ ስለነበረ እንዲህ ይሠሩ ነበር፣ የዛሬዎቹ ግን አውቀው ነው አለኝ። አውቆ ማደብዘዝ ለምን እንደሚጠቅም እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሥራ ተከፋፈልን። ሥዕሉ ጥቁር በጥቁር ስለሆነ እሱ አያየውም። ጽሑፉ ግን ጥቁር ላይ ነጭ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ በእንግሊዝኛ፤ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ሊያስነካ ምንም ሳይቀረው ያነበዋል። እኔ ዓይን፣ እሱ አፍ ሆንን። ብርሃን እንዳያስቸግረን በዚያ ሙቀት መጋረጃ እንዘጋለን። ሁለት ሽማግሌ በቀን መጋረጃ ዘግተው ምን ይሠራሉ ተብሎ ሰፈሩ ብዙ አውርቷል። መብራት የሄደ ቀን ላፕቶፑ ባትሪው የሞተ ስለሆነ ድርግም ይላል፤ ያን ቀን መጋረጃውን ከፍተን በረንዳ ላይ እንከራከራለን።

ክርክሩ የመጀመሪያው ቤት ደጃፍ ላይ ተጀመረ።

«በሩ ይታይሃል?» አለኝ መምህሩ።

«ይታየኛል።»

«ጠቅ አድርገውና ይግባ።»

«ሳይጣራ?»

«ጨዋታ ነው እኮ።»

«ጨዋታም ቢሆን ሰው ቤት ነው። ደጅ ቆሞ ‹ቤቶች› ይበል።»

«‹ቤቶች› የሚል የለውም፤ አልተሠራለትም።»

«እንግዲያው ይቁም።»

አቆምኩት። ጨዋ ሰው ሰው ደጅ የሚቆመውን ያህል ዝናብ ውስጥ አቆምኩትና ከዚያ አስገባሁት። ሰውዬው እስኪገባ ድረስ መምህሩ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ ያንኳኳ ነበር።

ከገባ በኋላ ደግሞ ባሰ። ይሄ ሰውዬ በገባበት ቤት ሁሉ ያገኘውን ኪሱ ይከታል። ገመድ፣ ፋኖስ፣ የሰው ማንኪያ፣ አንዴ የሕፃን አሻንጉሊት።

«ሌባ ነው» አልኩት።

«ኋላ ያስፈልገዋል።»

«ሌባ ሁሉ የሚለው እንደዚያ ነው።»

«ያላነሳ አያልፍም። የጨዋታው ሥርዓት ነው።»

«የማን ሥርዓት? እኔ ሰው ቤት ገብቼ አሻንጉሊት ይዤ ብወጣ አንተ ምን ትለኛለህ?»

«አንተማ ማንኪያውንም አትመልስም» አለና ሳቀ። እውነቱን ለመናገር አንድ ማንኪያው እኔ ቤት ነው ያለው፣ ሚስቴ የሽፈራው ቅጠል ሠርታ የላከችለት ጊዜ ተቀላቅሎ የመጣ። እሱን አላነሳሁበትም።

እንዲህ እየተጨቃጨቅን ሰውዬውን አባቱ ቤት አደረስነው። የመጣው አባቱን ሊጠይቅ ኖሯል። ይሄኛው የገዛ ቤቱ ስለሆነ ቶሎ አስገባሁት። ገባ። አባትየው አልጋው ላይ ሞቶ ተጋድሟል። አልተገነዘም፣ አልተሸፈነም፣ ሻማ የለ፣ አልቃሽ የለ። አንድ እጁ ተጨብጧል፣ ከጭብጡ ውስጥ የቁልፍ ጫፍ ብቅ ብሏል።

ለመምህሩ ያየሁትን ነገርኩት። ከዚያ ጽሑፉን ተጠግቶ አነበበና፣ «ማን እንደገደለው ማወቅ አለብኝ ይላል» አለኝ።

«ይቅበረውና ይወቅ።»

ቤቱ ጀርባ አካፋ አገኘሁ። የአባቱ አካፋ ስለሆነ ያለ ክርክር አነሳሁለት። ጓሮ ይዤው ሄጄ መሬቱ ላይ ጠቅ አደረግኩ። አንድ መስመር ጽሑፍ መጣ።

«ምን ይላል?»

መምህሩ አነበበ። «አሁን ይሄ አያስፈልገኝም ይላል።»

«ማን ነው እንዲህ የሚለው?»

«ልጁ ነዋ።»

«አባቱ ተጋድሞ?»

«ተጋድሞ።»

ማውሱን አስቀምጬ ባርኔጣዬን አንስቼ ወጣሁ። ቤቴ ስገባ ሚስቴ ፊቴን አየች።

«ምን ሆነሃል?»

«አንድ ሰውዬ አባቱን አልቀብርም አለ።»

«የት?»

«መምህሩ ጋ።»

ነጠላዋን አንስታ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። «ኮምፒውተር ውስጥ ነው» ስላት ቆመች። ነጠላዋን ቀስ አድርጋ መልሳ ሰቀለች። «ከቀብር መጥተህ ሬሳ ልታይ ትሄዳለህ» አለችኝ፤ «ይሄ በሽታ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም።»

በማግስቱ ሄድኩ። ሳልሄድ ብቀር መምህሩ ሌላ ሰው ይጠራ ነበር፤ ሌላ ሰው ደግሞ ቁልፉን ያነሳዋል። ጉዳዩ እሱ ነው። ከአባትየው ቤት ሥር ያለው ምድር ቤት ተቆልፏል፣ ቁልፉ ሬሳው እጅ ላይ ነው። መምህሩ ከጨዋታው የቀረው ትንሽ እንደሆነ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

«ጭብጡ ላይ ጠቅ አድርግ» አለኝ።

«ከሬሳ እጅ እቃ አልፈለቅቅም።»

«አንተ አይደለህም፣ እሱ ነው።»

«ማውሱ ያለው ማን እጅ ላይ ነው?»

መምህሩ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ። የሚያየኝ በዓይኑ ዳር ነው፣ እንደ ዶሮ አንገቱን ሰበር አድርጎ። «አንተ ሰውዬ፣ እውነቱን ንገረኝ። ለሬሳው ነው ወይስ እንዳልሄድብህ?»

«ለሁለቱም።»

«ግትር ነህ።»

«ነኝ።»

እኔ ሌላ መንገድ መረጥኩ። ሰው ሲሞት የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ለጎረቤት ይነገራል። ሰውዬውን ከአባቱ ቤት አውጥቼ በየደጁ ወሰድኩት። እያንዳንዱን በር አንኳኳሁለት። የሚከፍት የለም። አንዲት አሮጊት ብቻ መስኮቷ ላይ መጋረጃዋን ገለጥ አድርጋ ታየውና መልሳ ትዘጋለች። ዞርኩ፣ ደግሜ ዞርኩ። እንደዚያ እያልን ብዙ ከሰዓት በኋላ አለፈ። ልጅቱ ስትደውል ይሰማኛል፤ «አልጨረሳችሁም?» ትላለች። «የዚህ አገር ሰው በር አይከፍትም» ይላታል መምህሩ።

«እድር የላቸውም» አልኩት አንድ ቀን። «መርዶ የሚሰማ የለም። ነገሩ ግልጽ ነው።»

ያን ቀን ሙቀቱ ብሶ ነበር፣ እኔም ከጠዋት ቀብር በቀጥታ ነበር የመጣሁት። መምህሩ ሰለቸው መሰለኝ። «እንግዲያው ጥሩምባህን አውጣና ንፋላቸው» አለኝ። «እኔን ከምታደርቀኝ እነሱን ቀስቅሳቸው።»

ሊያሾፍብኝ ነው። ጥሩምባው ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ባላወጣው ለዓመት መሳቂያ ያደርገኛል። አወጣሁት። ቀስ አድርጌ ነው የነፋሁት፣ ይሄን ዛሬም እላለሁ። ጥሩምባ ግን ቀስ አድርገህ ብትነፋውም ጥሩምባ ነው።

ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድም በር አልተከፈተም። ሴጫ ግን በሙሉ ተከፈተ።

መጀመሪያ የአጥር በር ሲንኳኳ ሰማን። ከዚያ ለቅሶ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ግቢውን ሞሉት። የእድሩ እቃ ቤት ጠባቂ ድንኳኑን በጋሪ አስጭኖ ደረሰ፤ ወጣቶቹ ሳይጠይቁ ምሰሶ መትከል ጀመሩ። ይሄን ሁሉ ዘመን ስነፋ ሰው እንዲህ ፈጥኖ ሲመጣ ከውስጥ ሆኜ አይቼ አላውቅም ነበር። መምህሩ ጫጫታውን ሰምቶ ደነገጠ፣ ግድግዳ እየዳበሰ በረንዳ ወጣ።

«ማን ሞተ?» አላቸው።

ለቅሶው ቀጥ አለ። ከፊት ያለችው ሴት ወደ ኋላዋ ተንገዳገደች። የእድሩ ሊቀመንበር እሱን አየ፣ ጥሩምባዬን አየ፣ እኔን አየ።

«ማን ነው የሞተው?»

«አንድ ሰውዬ» አልኩ።

«የት?»

ምን ልበል? ወደ ውስጥ አመለከትኩ። ገቡ። ተራ በተራ፣ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚገባው እየተጠጋጉ ገብተው አዩት። ካሬ በካሬ የሆነውን ሬሳ፣ ዝናቡን፣ የተጨበጠውን እጅ። አንዲት እናት ባርኔጣ ያደረገውን በጣቷ እያሳየች፣ «ልጁ ይሄ ነው?» አለችኝ።

«እሱ ነው።»

«ለምን አይቀብረውም ታዲያ?»

«አያስፈልገኝም ይላል።»

ከንፈሯን መጠጠችና ወጣች።

እድሩ እዚያው ግቢው ውስጥ ቆሞ ፈረደብኝ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነስቼ በነፋሁበት ሰፈር ሁሉ ዞሬ፣ ትናንት የሞተ የለም ብዬ እንድናገር።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። ሌላው ነገር የመጣው በስልክ ነው። ገና ጥሩምባው እንደተሰማ አንድ የጎረቤት ሰው ለመምህሩ ልጅ ደውሎላት ነበር። እንደ ወጉ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ስለዚህ «አባትሽ ትንሽ አሟቸዋል፣ ብትመጪ ጥሩ ነው» አላት። ይሄን የሰማ ሰው ምን እንደተባለ ያውቃል። ልጅቱ ያኔውኑ ጮኸች። ነገሩ ሲታወቅ ያው ሰውዬ መልሶ ደውሎ፣ «አይ፣ አባትሽ ደህና ናቸው፣ ምንም አልሆኑም» አላት። እንዲህማ የሚባለው ለባሰው ነው። የሥራ ባልደረቦቿ ብቻዋን መርዶ እንዳትሰማ ብለው ስልኩን ከእጇ ቀሙ።

በመጨረሻ መምህሩ ራሱ ደወለ። ወንድ ድምፅ አነሳ።

«እኔ አባቷ ነኝ» አለ መምህሩ። «አልሞትኩም።»

«አባቴ» አለው ያ ሰው በትሕትና፣ «በዚህ ሰዓት ቀልድ ጥሩ አይደለም። ትንሽ ቀምሰው ከሆነ ይተኙ።» ዘጋበት።

መምህሩ ስልኩን ይዞ ቆመ። «እንዳልሞትኩ የሚያምነኝ ሰው አጣሁ» አለ። ስቆ ነበር፤ ግን ሳቁ ቶሎ አለቀ።

እኔ በማግስቱ ጠዋት ፍርዴን ልፈጽም ወጣሁ። እነፋና «ትናንት የሞተ የለም» እላለሁ። በሥራዬ ዘመን እንዲህ ብዬ አላውቅም። ሰው ከየቤቱ ብቅ እያለ ይስቃል፣ አንዷ ሙዝ ሰጠችኝ። የመምህሩ ቤት መታጠፊያ ጋ ስደርስ አቧራ የለበሰ መኪና ዳገቱን ወጣ። ጥሩምባውን አፌ ላይ አድርጌ ነበር። ከመኪናው ውስጥ ጩኸት ሰማሁ። እሷ ነበረች፣ ጥቁር ለብሳ፣ ከባልደረቦቿ ጋር ሌሊቱን ስትጓዝ አድራ። ያየችው ጥሩምባ ነፊ ነው፤ ምን ታድርግ።

«የሞተ የለም» አልኳት። አልሰማችኝም። ወርዳ ሮጠች።

ከኋላዋ ደረስኩ። መምህሩ በረንዳው ላይ ሻይ ይጠጣል። ኮቴዋን ለየ።

«ምነው ሳትደውዪ መጣሽ?» አላት።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጫማዋን አወለቀች። አለቀሰች፣ ቀጥላ ሳቀች፣ ቀጥላ ተቆጣች። ቁጣዋ እኔ ላይ አረፈ።

«እርስዎ ነዎት የነፉት?»

«እኔ ነኝ።»

«ምን ብለው?»

«አባትሽ ንፋ ብሎኝ።»

«ቀልዴን ነው» አለ መምህሩ።

«አንተ ትቀልዳለህ፣ እሳቸው ይነፋሉ፣ እኔ እዚያ እሞታለሁ።» ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «በቃ፣ አባዬ። እሁድ ይዤህ እሄዳለሁ። ሻንጣህን እኔ አዘጋጃለሁ።»

«ጨዋታው አላለቀም።»

«የቱ ጨዋታ?»

አስገብቶ አሳያት። ጎንበስ ብላ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። ያ ዝናብና ያ ባርኔጣ ከተማሪነቷ ትዝ አላት መሰለኝ። «ይሄን እኮ ተማሪ ሆኜ ጀምሬው ፈርቼ ተውኩት» አለች። «ሬሳው ጋ ስደርስ።» ከዚያ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። «ዛሬ አልቆ ያድራል።»

ማውሱን ስትይዝ እኔ አጠገቧ ቆምኩ። በልብ መያዝ አልወድም። «ልጄ፣ ቁልፉን ካነሳሽ ጨዋታው ያልቃል፣ ጨዋታው ካለቀ አባትሽ ይሄዳል። ለዚህ ነው እኔ የማላነሳው። ደግሞም ከሬሳ እጅ ነው። እንዳልነገርኩሽ እንዳትይ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አባባ፣ እኔም የማነሳው ለዚሁ ነው። ልወስደው።»

«አባትሽ ነው።»

«አባቴ ነው።»

ተግባባን። ጀርባዬን ሰጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። የሬሳው ጣት ሲላቀቅ የእንጨት ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ላለማየት ሐይቁን አየሁ፣ ጆሮዬ ግን ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ ሄደ። ልጅቱ ታነባለች፣ ለአባቷ ትተረጉማለች። ምድር ቤቱ ተከፈተ። ገዳይ የለም። ለካ ማንም አልገደለውም። አባትየው ታሞ ነበር፣ ወጥቶ በየደጁ ተጣርቷል፣ በሩን የከፈተለት የለም። ተመልሶ ተኛ። ልጁ ይሄን ሲያውቅ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈ፣ መስኮቱ ላይ መጋረጃ ዘረጋ። እንደነዚያ እንደሌሎቹ። ዝናቡ ቀጠለ።

ልጅቱ እየቆየች ነበር የምታነበው፤ መጨረሻው ላይ ድምፅዋ ወረደ። ስዞር ስክሪኑ ጠቁሯል። መሐሉ ላይ አንድ ነጭ መስመር አለ።

«አለቀ» አለች።

መምህሩ ተነስቶ ተጠጋ። አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ሊያስነካ ደርሶ ቆየ። «‹ይህ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው› ይላል» አለ።

«አንዱ?» አልኩ እኔ ከበሩ።

«አንዱ።»

«ስንት አለው?»

«አይናገርም።» ቀጥ ብሎ ቆመ። ፈተና ሲያርም እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። «እንግዲህ አላለቀም።»

«አባዬ፣ አልቋል።»

«ልጄ፣ የተጻፈው ‹አንዱ› ነው። የባንክ ሰው ነሽ፣ የተጻፈ ታነቢያለሽ።»

በረንዳ ወጣች። እኔም እዚያው ነኝ። ግቢው ውስጥ ሴቶቹ ለለቅሶው ብለው የቀቀሉት ንፍሮ ተርፎ፣ ሲጣል ይከፋል ብለው ተመልሰው መጥተው እየበሉት ነው። ድንኳኑ ፈርሷል፣ የምሰሶው ጉድጓዶች አሉ። አንዷ ለልጅቱ በእጇ ንፍሮ ዘግና ሰጠቻት። እየቆረጠመች ብዙ ቆመች።

«ይሄ ሁሉ ሰው በአንድ ጥሩምባ ነው የመጣው?» አለችኝ።

«ያውም ቀስ ብዬ ነፍቼ።»

«እኔ የምኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከላዬ ያለውን ሰው አላውቀውም። ሲራመድ ብቻ ነው የምሰማው።» ይሄን ለእኔ አላለችውም፤ ሐይቁን እያየች ነው ያለችው። ትክክለኛውን ሐይቅ።

እሁድ ብቻዋን ሄደች። ከመሄዷ በፊት ግን አስቀምጣ አነጋገረችን፣ ሁለታችንንም እንደ ልጅ። መምህሩ ዓይን ሐኪም ጋ በየጊዜው ይሄዳል፣ የሚወስደው እኔ ነኝ። የዓይን ጠብታውን አይዘልም። ምግብ የምትሠራ ሴት ትቀጠራለች። በየቀኑ ይደውላል። ሌላው መጨረሻ የተገኘ ቀን ደግሞ ሻንጣውን ይዞ ይመጣል። መምህሩ ለሁሉም እሺ አለ። ወደ እኔ ዞረች።

«እርስዎስ?»

«ቁልፉን አላነሳም።»

«እንዲህ ከሆነ ሌላው መጨረሻ አይገኝማ።»

«ምናልባት ሌላው የሚገኘው ሳይነሳ ነው።»

«ይሄን ከየት አመጡት?»

«ከየትም። እንዲህ ቢሆን ደግ ነው።»

ሳቀች። «ደግሞ ያ ጥሩምባ ሁለተኛ እዚህ ግቢ አይግባ።»

«ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ ይገባል» አልኳት። በሱ ላይ ሳንስማማ ተለያየን።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት ሄደዋል። ጠብታው ለጥቂት ጊዜ ያዘለት፣ ኋላ እሱም ለቀቀው። አሁን ነጩን ጽሑፍም አያነብም። ሐኪም ቤት ይዤው የሄድኩ ቀን ሐኪሟ ተስፋ እንዳያደርግ ስትነግረው፣ እሱ እኔን «ፊቷ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደህና ልጅ ናት» አልኩት። ልጁ በዓል በመጣ ቁጥር ትመጣለች። ላፕቶፑንም አንዴ አሠርታ አመጣችው።

ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀመርነው። ጀልባዋ ሰውዬውን ታወርደዋለች፣ ያው ዝናብ ነው። ጽሑፍ ሲመጣ አሁን የሚያነብልን የለም፤ አንዷን መስመር ግን እኔ በመልኳ ለይቻታለሁ፣ ርዝመቷን፣ ጅራት ያላቸውን ፊደሎች። አካፋውን ይዤ ጓሮ በሄድኩ ቁጥር እሷ ትመጣለች።

«ምን አለ?» ይለኛል መምህሩ።

«ያችኑ ነው ያለው።»

«አልቀበረውም?»

«አልቀበረውም።»

ከዚያ ሰውዬውን ወደ አሮጊቷ ደጅ እወስደዋለሁ። አንኳኳለሁ፣ አቆመዋለሁ። ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ ውጭም ይዘንብ ነበር፣ የሙዙ ቅጠል ላይ ሲወርድ የየትኛው ዝናብ ድምፅ እንደሆነ አይለይም።

«ከፈተችለት?» አለኝ መምህሩ።

«አልከፈተችም። መጋረጃዋን ገልጣ አየችውና ዘጋች።»

«ይዘንብበታል?»

«ይዘንብበታል።»

«አባቱ ቤት በረንዳ ላይ ዣንጥላ ተሰቅሏል ብለኸኝ ነበር። ተመለስና አንሳለት።»

«ዣንጥላው የሟቹ ነው።»

«ልጁ እኮ ነው። ይወርሳል።»

እውነቱን ነው፣ ይወርሳል። ማውሱን ይዤ ሰውዬውን አየሁት፤ ኮቱ ከካሬ የተሠራም ቢሆን የበሰበሰ ይመስላል።

«መጀመሪያ ይቅበረው» አልኩ።